ጫት ያቆመ ተማሪ ከሰዓቱን እንዴት ይያዝ?

እኔ ያቆምኩት ኮምቦልቻ ካምፓስ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኜ ነው። «ቆራጥ ሁን» የሚል ምክር በሽ ነበር፤ የረዳኝ ግን ከሰዓቱን መያዜ ነው።

ጠዋት ክላስ አለ። ማታ ዶርም ውስጥ ጫጫታ አለ። ከሰባት እስከ አስራ አንድ ያለው ሰዓት ግን የበርጫ፣ ተሰብስቦ የመቃሚያ፣ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ፣ ማለትም የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር፣ ስለሚቀንስ ሁሉም ትኩሱን ለመያዝ ይጣደፋል። የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ለብቻው ያፈዛል። በዚህ መሃል ጓደኛህ የጫት ዙርባውን በፌስታል ይዞ በበርህ ያልፋል። «አቦ ና፣ ባትቅምም ተጫወት!» አትሂድ። ፍራሹ፣ ለውዙ፣ ኮካው፣ የእጣኑ ጭስ፣ ሁሉም ሐራራህን ይቀሰቅሰዋል። ለውዝ ብቻ በልቶ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የሚጠብቅህ ሰው ይኑር። ላይብረሪ ብቻህን ብትገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተነስተህ ትወጣለህ። እኔ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ማትስ ማስረዳት ያዝኩ። ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ የት እቀራለሁ?

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ሰውነትህ ያስቸግርሃል። ያንገላጅጅሃል፣ ትነጫነጫለህ፣ ነገር ሁሉ ያስጠላሃል፣ ሌሊት ዱካክ የሚሉት ቅዠት ይጫንሃል። አብዛኛው እያደር ይቀላል። የምግብ ፍላጎትህም ስለሚመለስ የካፌው ራት አይበቃህም፤ ሎከርህ ውስጥ ዳቦና ቆሎ አይጥፋ። ከሰዓት እንቅልፍ ቢጥልህ በስልክህ አላርም ሙላና ግማሽ ሰዓት ብቻ ተኛ፤ አለዚያ ሌሊቱን ስታፈጥ ታድራለህ። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘህ ደሴ ውጣ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ከየትኛውም ቡና በላይ ያነቃል። ድብርቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀህ፣ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂድ።

ብር እጅህ ላይ አይክረም። ቤተሰብ የወሩን በአንዴ ከሚልክ በየሳምንቱ በቴሌብር ይላክልህ።

ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ መጠጣት፣ ለምደህ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በል። ጫት ያቆመ ሁሉ «ቢራ እንኳ ልጠጣ» ይላል፤ ቢራው መልሶ በርጫ ቤት ያደርሰዋል። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ደግሞ በራሱ ድንገት አያቁም። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ይገድላልም። ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ደሴ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ሰው ቢያየኝስ» ካልክ፣ በርጫ ቤት ስትገባም ሰው ያይህ ነበር።

ወሎ ውስጥ ከካምፓሱም የሚከብደው የቤት ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብስብ፣ ነው። ዱዓው አለ፣ ቡናው አለ፣ ጫቱም አለ። አክስቴ «የተመረቀች ናት ልጄ፣ አንዲት ቀንበጥ ምን ታደርግሃለች?» ይሉኛል። እሳቸውን መከራከር ነውር ነው፤ ሱስ ምናምን ብዬ ማስረዳትም አልሞክርም። «ሐኪም ከልክሎኛል እትዬ፣ ዱዓውን ግን እንዳይረሱኝ» እላለሁ። ለሐኪም ትእዛዝ ማንም ክፉ አይናገርም። ከዚያ ረከቦቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስኒ አቀብላለሁ፣ ከሰል አራግባለሁ፣ እጣኑን እጨምራለሁ። በረካው ተጠጥቶ ምርቃቱ ሲያልቅ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ።