ዶሮዋ እንቁላሉ አልወጣ ሲላት

ድሬዳዋ ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ ያላችሁ፣ ይቺን ልብ በሉ። ዶሮዋ ጭራዋን ቁልቁል ጥላ፣ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን እያደረገች ጥግ ከያዘችና ደጋግማ ካማጠች እንቁላሉ ተቀርቅሮባት ሊሆን ይችላል።

ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉና ከወገቧ በታች 20 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፏት። በፎጣ አድርቋት፣ መውጫዋን ቫዝሊን ቀቡላት፣ ከዚያ ጨለም ያለ ጸጥተኛ ቦታ ተዉአት። ውሃ አይለያት። በጣት መጎርጎር፣ ሆዷን መጭመቅ የሚባል ነገር የለም! እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ቅርፊቱ ይቆርጣታል፣ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶም ካልወጣ ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የካልሲየም እጥረት ነው። ካልሲየም ለቅርፊቱ ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻም ያለሱ አይሠራም። ሙቀቱ ደግሞ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ሲሞቃት መኖ ትቀንሳለች፣ ስታለከልክም ደሟ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ቅርፊቱ ይሳሳል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ያለ ግቢ ታድሏል፤ ቆርቆሮ ሥር የተሠራ ቆጥ ግን በቀትር ምድጃ ነው፣ አንሱት።

መኖውን በማለዳና አመሻሽ ላይ ስጡ። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይፈልጋል፤ የእንጀራ ፍርፋሪና ስንዴ ብቻ አያደርሳትም። የእንቁላል ቅርፊት አትጣሉ፦ አድርቁ፣ መጥበሻ ላይ አመስ አድርጉ፣ ዱቄት ሳይሆን ከስክሱትና በተለየ ዕቃ አስቀምጡላት። የሚበቃትን ራሷ ትለቅማለች። ጫጩቶቹን ግን አርቁ፣ የበዛ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል።