ለአንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በሰሜን ሸዋ ደጋ

ዝግጅቱ ከደብተር ሳይሆን ከእንቅልፍ ይጀምራል። ማታ 4 ሰዓት መተኛት የለመደ ልጅ ከነሐሴ 20 ጀምሮ በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ እየቀደመ ይተኛ፤ በ12 ቀን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። በአንድ ሌሊት ልቀይር ካላችሁ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ያመሽና ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማለዳው ይበርዳል፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ትበረታለች። ከአንድ ወፍራም ጃኬት ይልቅ ካናቴራና ሹራብ ደርቡለት፤ ሲሞቀው ራሱ ያወልቃል። ጫማ ሲገዛ ከጣቱ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። «ለከርሞም ይሆነዋል» ብሎ በጣም ሰፊ መግዛት ተረከዙን ይልጠዋል፣ ጭቃ ላይም ይጥለዋል።

ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ መውረዱ ማወቁን አያሳይም። ገበታው ላይ ዘላችሁ ጠቁሙና ጠይቁት። በተለይ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ ላይ ቆዩ፤ የሚለያቸው ከላይ ያለው ጭረት ስለሆነ የልጅ ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲሰለች አቁሙ። እርሳሱ አጠር ያለ ይሁን፣ ረጅሙ ለትንሽ እጅ ይከብዳል።

የልደት ምስክር ወረቀቱን ቀድማችሁ አውጡ።

የምሳ ዕቃውንና የውኃ ኮዳውን ክዳን ራሱ ደጋግሞ ይክፈት። ብዙ ልጅ ምሳውን ሳይነካ የሚመለሰው ክዳኑ ስለሚጠብቅበትና አስተማሪዋን መጠየቅ ስለሚያፍር ነው። «ሽንት ቤት ልሂድ?» ማለትንም ጮክ ብሎ ይለማመድ።