በቤት ውስጥ ጥቃት የተሰጠ ቅጣት ሲያንስ ይግባኝ እንዴት ይጠየቃል?

ሚስቱን ደብድቦ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በጥቂት ወራት እስራት ወይም በገደብ ሲለቀቅ፣ ተበዳይዋ በራሷ ስም ይግባኝ ማለት አትችልም። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ የሚጠይቀው ዐቃቤ ሕግ ነው። የእርሷና የቤተሰቧ ድርሻ ዐቃቤ ሕጉን በቂ ምክንያት አስይዞ በጊዜ ማንቀሳቀስ ነው።

ቅጣቱ እንደተነበበ ጉዳዩን ለያዘው ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የቃል ልመና በመዝገብ ላይ አይሰፍርም። በአንቀጽ 187 የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር መቅረብ አለበት። ዝርዝር የይግባኝ ማመልከቻው የውሳኔው ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው 30 ቀኑን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ሳይታወቅ ያልፋል።

ከሁሉም የሚከብደው ቅጣቱ ለምን እንዳነሰ ከውሳኔው ውስጥ ማግኘት ነው። አስቀድማችሁ የተፈረደበትን አንቀጽ እዩ። በትዳር ጓደኛ ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የሚደነግገው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የራሱ ቅጣት የለውም፤ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል። በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ በአንቀጽ 556(1) ቀላሉ ከአንድ ዓመት ቀላል እስራት አያልፍም። ፍርዱ በ556(1) ከሆነ የቅጣት ይግባኝ ብቻውን ከዚያ ጣሪያ በላይ አያስኬድም፤ ድብደባው በዱላ ወይም በሌላ ጉዳት አድራሽ መሣሪያ የተፈጸመ ከሆነ ግን ንዑስ አንቀጽ 2 ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ስለሚደነግግ፣ ይህን ለዐቃቤ ሕጉ አንሡ።

ቀጥሎ የተያዙትን የቅጣት ማቅለያዎች አንድ በአንድ መርምሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ከጥፋተኝነት ፍርዱ በኋላ የሚቀርበው የሽማግሌዎች የእርቅ ደብዳቤ ነው። አንቀጽ 82 እውነተኛ ጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት መካስን ማቅለያ ያደርጋል፤ ሴትየዋ በዘመድ ግፊት የፈረመችው ወረቀት ግን የእርሱ ጸጸት ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ካሳ ካልተከፈለ፣ ዛቻው ካልቆመ፣ ይህንኑ ከቀኑና ከምስክሮቹ ጋር ጻፉ። በአንቀጽ 84 ከተዘረዘሩት ማክበጃዎች የተዘለለ ካለም ጨምሩ፤ በዕድሜ ወይም በጤና ሁኔታ ልዩ ጥበቃ በሚያሻት ሴት ላይ መፈጸሙ አንዱ ነው።

ለዐቃቤ ሕጉ የምትጽፉትን ማመልከቻ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ከተዘጋጀ ቅጽ ማስገልበጥ አልመክርም፤ የሐዘን ቃላት ይበዙበታል፣ የአንቀጽ ክርክር ይጎድለዋል። የሕክምና ማስረጃውንና የውሳኔውን ግልባጭ አያይዛችሁ፣ ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለሚሄድ፣ አዲሱን የመዝገብ ቁጥር ከዐቃቤ ሕጉ ተቀብላችሁ ቀጠሮውን ተከታተሉ።