ቴራፒስቶች፣ ስለ ሰውነቱም ጠይቁት

ሊያማክረን የሚመጣ ሰው ጭንቀቱን ብቻ ይዞ አይመጣም። ስኳሩንም፣ የወገብ ሕመሙንም፣ ጠዋት ጠዋት የሚውጠውን ክኒንም ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ግን ስለ ልጅነቱ ሰዓት ሙሉ ስንጠይቅ ቆይተን ስለ ሰውነቱ አንድም ነገር ሳንጠይቅ የምንሸኝበት ጊዜ ብዙ ነው። «እሱ የሐኪም ሥራ ነው» እንላለን። መመርመሩና መድኃኒት ማዘዙ አዎ፣ የሐኪም ነው። መጠየቁ ግን የእኛም ነው።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሩ። ምን ሕመም አለበት? መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? ሲተኛ ያንኮራፋል? ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ ከመቼ ጀምሮ? ስሙን ካላስታወሰ በሚቀጥለው ቀጠሮ ማሸጊያውን ይዞ ይምጣ። ለምሳሌ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች (የሰውነት መቆጣትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች) እንቅልፍ ሊነሱ፣ ሊያነጫንጩ፣ አንዳንዱንም ድብርት ውስጥ ሊከቱ ይችላሉ። ስሜቱ የተለወጠው መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን ከሆነ ላዘዘለት ሐኪም ይንገር። በራሱ እንዳያቆም ግን አደራ በሉት፤ ስቴሮይድን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

ድብርትና ጭንቀት የሚመስሉ ሕመሞችም አሉ። የታይሮይድ እጢ ሥራው ሲቀንስ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ነገር ሁሉ ያስጠላዋል። ሲበዛ ደግሞ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይከሳል። ደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያደክማሉ። ሁሉም በደም ምርመራ ይታያሉ፣ በቅርቡ ካልተመረመረ ላኩት።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት «ፓኒክ አስቸገረኝ» ብላ መጣች እንበል፤ ድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት ማለቷ ነው። ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይመታል። ወዲያው ወደ አተነፋፈስ ልምምዱ መሮጥ ይቀናናል። ቆይ! «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምርሽ?» በሏት። ከምሳ በፊት ነው ትላለች። ቁርስስ? ለሥራ ስትጣደፍ ሳትበላ ነው የምትወጣው፣ ኢንሱሊኑን ግን ተወግታለች። ስኳር ሲወርድ የሚሰማው ከፓኒክ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የሚለየው በመጣባት ሰዓት ስትለካ ነው። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ወስዳ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ትለካለች፣ ሐኪሟም ይወቅ። ደህና ከሆነ ደግሞ ፓኒኩን በልበ ሙሉነት ትይዙታላችሁ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፣ እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ካርዱ ላይ የተጻፈ ሰው ደረቴን አመመኝ ሲል «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ካላችሁ በጽሑፍ ፈቃዱን ተቀብላችሁ ለሐኪሙ አጭር ደብዳቤ ጻፉለት፦ ምን እንደሚሰማው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንዲታይለት እንደምትፈልጉ። የሕይወት ታሪኩን አትዘርዝሩ። ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም በድንገት መቀባዠር ከመጣ ግን ደብዳቤ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ሕመሙ አብሮ የሚኖር ሲሆን ደግሞ ሰውየው የድሮ ጉልበቱን ያለቅሳል። ያልቅስ። «ቀና ቀናውን አስብ» አትበሉት። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ደህና በሆነበት ቀን ቤቱን ሁሉ ሲያጸዳ ይውልና ቀጥሎ ሦስት ቀን ይተኛል፤ ይህን አዙሪት መስበር የእናንተ ሥራ ነው። ሥራውን በሕመሙ ሳይሆን በሰዓት ይለካ። 20 ደቂቃ መቆም ከቻለ በ15ኛው ይረፍ፣ ደህና ነኝ ባለበት ቀንም ቢሆን። ከሳምንት በኋላ ጥቂት ይጨምራል። መሞት ያስመኘው እንደሆነም በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቃችሁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም።

በየቀጠሮው መጀመሪያ ላይ «ሰውነትዎስ በዚህ ሳምንት እንዴት ሰነበተ?» በሉ፣ መልሱንም ከነቀኑ ጻፉት።