የተበላሸ ማዘርቦርድ፦ በዋስትና ልመልሰው ወይስ ልተወው?

ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ጠጋኝ ነው። ጎንደር ላይ እጃቸው የሰላ ጠጋኞች አሉ፤ ችግሩ ሌላ ነው። ዋስትናው ያላለቀ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) አንዴ ብየዳ ከነካው ሻጩ አልቀበልም ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ውሳኔ ላይ እስክትደርሱ ድረስ ማንም ቦርዱን እንዳይነካካው።

1. ጥፋቱ የቦርዱ መሆኑን አረጋግጡ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ደህና ቦርድ ተሸክሞ ሱቅ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ከፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ወደ ቦርዱ የሚመጡትን ሁለት ገመዶች እዩ። ትልቁ ባለ 24 ፒን ነው። ሌላው ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) አጠገብ የሚሰካው ባለ 8 ወይም ባለ 4 ፒን ነው፤ እሱ ከተረሳ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ይሆናል። ቀጥሎ ሌላውን ሁሉ አራግፉና ፕሮሰሰሩን ከነፋኑ፣ አንድ ራም (የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) እና ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አስቀሩ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ለስክሪኑ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድም ይቆይ። ራሙን ቦታ እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ሳንቲም የምታህለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ አውጡና ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ፤ የተዛባ የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሴቲንግ ካለ ይስተካከላል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ምቱን ቀድሞ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ደህና መሆኑ የታወቀ ከጓደኛ ተውሳችሁ ሞክሩ። የተጠረጠረውን የእናንተን ግን ጓደኛችሁ ቦርድ ላይ አትሰኩ፤ የእሱንም ሊያቃጥልበት ይችላል። ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ በኋላ የወጣ አዲስ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ባዮሱ ላያውቀው ይችላል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ባዮሱ ሲታደስ ይነሳል።

2. ቦርዱን በደንብ እዩት፣ ፎቶ አንሱት

የታጠፈ የፕሮሰሰር ሶኬት ፒን ካለ ብዙ ጊዜ የገዢው ጥፋት ተብሎ ይመለስባችኋል። የተቃጠለ ቦታ፣ የፈሰሰ ውሃ ወይም የተቀደደ የሴሪያል ቁጥር ወረቀትም እንደዚያው ነው። እነዚህ ከሌሉ ጉዳያችሁ ጠንካራ ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሲጠፋ በስልክ ቅረጹት፤ ሱቅ ሲደርስ ይሠራልና።

3. ዋስትናው የማን እንደሆነ ለዩ

ታዋቂ አምራቾች በብዙ አገር 3 ዓመት ይሰጣሉ። የሱቁ ዋስትና ግን ከዚያ በጣም ሊያጥር ይችላል፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዘመድ ከውጭ ያመጣው ከሆነ ዋስትናው እዚያው በተገዛበት አገር ብቻ ሊሆን ይችላል።

እዚህ አገር ከተገዛ ሌላም መብት አላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንደሚለው፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥ ወይም ገንዘባችሁን እንዲመልስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል። ያለ ደረሰኝ በቅናሽ መግዛት የሚያስቆጨው ያኔ ነው።

4. አሁን ወስኑ

15 ቀን ካልሞላው አታመንቱ፣ መልሱት። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ካለ ሱቅ ከገዛችሁም እንደዚያው፤ የሚያስወጣችሁ የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ከመጣ ግን መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። ማመላለሻውን ማን ይከፍላል? ስንት ቀን ይፈጃል? የሚሰጡኝ አዲስ ነው የተጠገነ? ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ አትላኩ።

አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ወይም ድምፁ ብቻ ከሞተ እኔ ብሆን አልመልሰውም። በርካሽ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ሥራዬን እቀጥላለሁ። በራሱ የሚጠፋ ወይም ራም አንዴ አይቶ አንዴ የሚክድ ቦርድ ግን ዋስትናው ሳያልቅ ይመለስ፤ እያደር ፋይል ያበላሽባችኋል።

5. ስትልኩ

ፕሮሰሰሩንና ራሙን አውጡ። የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን መልሱበት፣ በመጣበት ላስቲክና ካርቶን አሽጉት። የደረሰኙን ኮፒ ላኩ፣ ዋናውን እናንተ ጋ አስቀሩ። የሚረከበው ሰው የሴሪያል ቁጥሩን ጽፎ ይፈርምላችሁ።