ክሩዘር ሞተር ለምትጀምሩ፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ክሩዘር፣ ማለትም ኮርቻው ዝቅ ያለ ዘና ብለው የሚነዱት ሞተር ሳይክል፣ የሆነችውን ሆንዳ ሬብል 500 ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አየሩ ጥሩ ሲሆን ሥራ የምሄደውም በእሷ ነው። እወዳታለሁ። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነበር።

ትልቁ ስህተቴ ኮርቻዋን አይቶ መሸወድ ነው። ከመሬት 69 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነች ሁለቱም እግሬ አስፋልቱን በደንብ ይረግጣል። "ይቺማ ሳይክል ናት" አልኩ። ሳይክሏ ግን 190 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በሦስተኛው ቀን አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ፣ መሪውን ወደ ግራ አጥፌ ቀስ እያልኩ ስዞር አንድ መኪና ወደ ኋላ መጣብኝ። ደንግጬ የፊት ፍሬን ጨመቅኩ። መሪ ታጥፎ የፊት ፍሬን በድንገት ከተያዘ ሞተር በታጠፈበት በኩል ዘጭ ይላል። እኔም ዘጭ አልኩ። ፍሬቻው ተሰበረ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጣመመ። አንዲት እናት የእንጀራ ፌስታላቸውን መሬት ላይ ጥለው "በስመአብ! ልጄ፣ ተረፍክ?" እያሉ ሮጡ። ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ሞራሌ ነው የተላጠው።

በዝግታ ስትዞሩ የፊቱን ፍሬን እርሱት። የኋላውን በእግር ጫን፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል ያዝ፣ ዓይናችሁን ደግሞ ወደምትሄዱበት። መሬት መሬት ካያችሁ እዚያው ነው የምትገኙት። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጋችሁ እስኪሰለቻችሁ ዙሩ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ፤ የፊት ፍሬን ጭራሽ ፈራሁ። ቀጥ ባለ መንገድ በፍጥነት ስትሄዱ በደንብ የሚያቆማችሁ ግን እሱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳላ! አትንጠቁት እንጂ እያጠበቃችሁ ጨምቁት። ገና ካልገዛችሁ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ) ያላትን ግዙ።

ካቴናውንም ረስቼው ነበር። ብዙ ክሩዘሮች የኋላ ጎማቸውን የሚያዞሩት በቀበቶ (ቤልት) ነው፤ ሬብል ግን በካቴና ናት። ብርዱን ሙሉ ሳልነካት ቆይቼ በጸደይ ሳስነሳት ሲጢጥ ትላለች፣ ዝጋለች። በየ600 ማይሉ ገደማ አጽድታችሁ ቅባት ቀቧት፣ መላላቷንም ለኩ። ስታጸዱ ሞተሩን አጥፉና ጎማውን በእጅ አዙሩ። በሚሠራ ሞተር ካቴና መጥረግ ጣት ያስቆርጣል።

ነዳጅ ላይም አትዘናጉ። ሳልባቲዮዋ የምትይዘው 11 ሊትር ገደማ ነው። ለከተማ በቂ ነው። ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ግን 105 ማይል ነው፤ መንገዱ ላይ ነዳጅ የሚገኘው አንድ ቦታ፣ ቢግ ሜዶውስ ብቻ ነው። ሳልሞላ ገብቼ መልክአ ምድሩን ትቼ የነዳጅ ምልክቱን ሳይ ዋልኩ። መንገዱ በሰሜን በኩል የሚጀምርባት ከተማ፣ ፍሮንት ሮያል ላይ ሙሉ።

ገንዘባችሁንም መጀመሪያ ጌጥ ላይ አታውጡ። ሜሪላንድ ውስጥ ሄልሜት በሕግ ግዴታ ስለሆነ ገዛሁ፤ ጓንትና ቡትስ የሚያስገድድ ስለሌለ ተውኩ። በተረፈው ጩኸቷ እንዲያምር ብዬ ማርሚታ አዘዝኩ። ያን ቀን ስወድቅ መዳፌ ነው ቀድሞ አስፋልቱን ያገኘው። በማግስቱ ጓንት ገዛሁ። ማርሚታው እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ የሚፈልግ ካለ በቅናሽ እሰጣለሁ።