የሞተር ኮምፒውተር እንዴት ይቀየራል? መጀመሪያ ግን መሞቱን አረጋግጡ

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ቶዮታ ቪትዜ ቸርችል ጎዳና ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አይለቅም። እንደምንም ገፍተን ዳር አስያዝናት። የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «ኮምፒውተሩ ሄዷል» አለኝ። አልሄደም ነበር። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የግራውንድ (የኔጌቲቭ) ሽቦ ዝጎ ነው። ተፍቆ ታሰረ፣ ተነሳች። በዓመቱ ግን ኮምፒውተሩ የምሩን ሞተ። ስለዚህ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ይህ ኮምፒውተር የመጽሐፍ ያህል መጠን ያለው የብረት ሳጥን ነው። ከሴንሰሮች መረጃ ይቀበላል፤ ነዳጅ ስንት እንደሚረጭና ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ ያዛል። ካርቡራተር ያለው የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ይህ ጣጣ የለበትም። ባለቤቶቹ ቢኮሩብን አይፈረድባቸውም።

ምርመራው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው።

ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፤ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጅን ምልክት ሊበራ ይገባል። ጭራሽ ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ሞቷል። ከመሪው ስር ባለው 16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ የምርመራ መሣሪያ ሰኩ። መሣሪያው ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር ካቃተው ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፒ0606 (P0606) ወይም በዙሪያው ያሉ የስህተት ኮዶች ከመጡ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለራሱ እያማረረ ነው።

ከዚያ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። ሞተር ሳይነሳ ባትሪው ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተር ተነስቶ ሲሞላ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማሳየት አለበት። ደካማ ባትሪ ኮምፒውተርን የሞተ ያስመስላል። «ኢኤፍአይ» (EFI) የተጻፈበትን ፊውዝና ሪሌውን እዩ። የግራውንድ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ ፍቁና መልሳችሁ እሰሩ። የኔን የመጀመሪያ ችግር የፈታው ይኸው ነው።

አሁን አንዲት ብልሃት ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮች 5 ቮልት ይሰጣል። የነዳጅ መስጫውን (የጋዙን) ሴንሰር ሶኬት ንቀሉና ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ በሽቦው በኩል ለኩ። 5 ቮልት ከሌለ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ አትፍረዱ። አንድ ሾርት ያደረገ ሴንሰር የሁሉንም 5 ቮልት ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ሌሎቹንም ሴንሰሮች አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ለኩ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅለው፣ ኤሌክትሪክና ግራውንድ በትክክል እየደረሰው አሁንም 5 ቮልት ከሌለ ግን፣ ወይ የ5 ቮልቱ ሽቦ ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይ ሳጥኑ ሞቷል።

መፍታት

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት የመኪናውን ብረት ንኩ፤ ሰውነታችን ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊገድል ይችላል።

በብዙ ቶዮታዎች ሳጥኑ ጋቢና ከሚቀመጠው ሰው ፊት ካለው መሳቢያ ኋላ ነው። ቪትዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ውጭ ያሪስ ይባላል። መኪናው ሲሠራ መሪው በቀኝ ነበር ማለት ነው። ወደ ግራ ሲዞር ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሎ፣ ሳጥኑም ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ትታችሁ ወፍራሙን የሽቦ ጥቅል ተከተሉ። ቅጥያዎቹንም እግረ መንገዳችሁን እዩ፤ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ጠላት ነው።

ሶኬቶቹ ማቀፊያ አላቸው። ተጭናችሁ አላቁት እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ሳጥኑ የታሰረው ብዙ ጊዜ በ10 ቁጥር መፍቻ ነው።

የኔን ስንከፍተው ክዳኑ ስር ውሃ ደርቆበት ነበር። የአንዱ ቺፕ እግሮች ላይ አረንጓዴ ጨው የመሰለ ነገር ተጋግሯል፤ ሁለቱ እግሮች ጭራሽ ተበልተዋል። የፊት መስታወቱ ጥግ ያረጀ ጎማ ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ነው የከረመው።

መግዛት

አሮጌውን ሳጥን ይዛችሁ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሂዱ። በስልክ ፎቶ ብቻ አትሂዱ። «የቪትዝ ኮምፒውተር አለ?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ «ብራዘር፣ ቁጥሩን አሳየኝ፤ ቪትዝማ ስንት ዓይነት አለ» አለኝ። ልክ ነው።

ቶዮታ ላይ የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር ብዙ ጊዜ በ89661 ይጀምራል፤ ከሰረዙ በኋላ ሌላ አምስት አሃዝ ወይም ፊደል አለ። ሁሉም እስከ መጨረሻው መግጠም አለበት። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ባለ አውቶማቲክ መኪና ብዙ ጊዜ ማርሹም የሚታዘዘው ከዚሁ ሳጥን ስለሆነ፣ የማንዋሉን ብትገጥሙ መከራ ነው። ካልሠራ እንደሚመልስላችሁ ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። «ችግር የለም፣ አምጣው» የሚል ቃል ማታ ላይ ይረሳል።

ቁልፉን ማስተዋወቅ

መኪናችሁ ቁልፉን የሚለይ ከሆነ አዲሱ ሳጥን ያላችሁን ቁልፍ አያውቀውም። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፤ ወይ ተነስቶ በሰከንዶች ይጠፋል። ቀይዋ የሴኩሪቲ መብራት ቁልፍ ኦን ሲሆን ካልጠፋች ነገሩ ይኸው ነው።

የቁልፉ መረጃ ሞተር ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሆነ የተቀመጠው ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። ባለሙያ መረጃውን ገልብጦ ወደ አዲሱ ያስገባል፣ ወይ ቺፗን ነቅሎ ይበይዳል። ሥራውን ከመጨረሳችሁ በፊት አሮጌውን ሳጥን ለማንም አትስጡ የምለው ለዚህ ነው። ቁልፍ የሚለየው ሳጥን ለብቻው የሆነባቸው ቶዮታዎች ደግሞ ይቀላሉ፦ ከመሪው ስር ካለው መሰኪያ 4ኛውና 13ኛው ቀዳዳ በሽቦ ይገናኛሉ፣ ቁልፉ ኦን ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ግን ሽቦ አትሰኩ።

መግጠም

ባትሪው ተፈትቶ ሳለ ሶኬቶቹን ቀጭ እስኪሉ ግፉ፣ ሳጥኑን እሰሩ፣ ኔጌቲቩን መልሱ። አስነሱና ጋዝ ሳትነኩ እስኪሞቅ ተዉት። መጀመሪያ ላይ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ፤ አዲሱ ሳጥን ሞተሩን እየተማረ ነው። ኮዶቹን አጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ፣ እንደገና አንብቡ።

አሮጌውን ሳጥን የገደለውን ነገርም ሳታስወግዱ አዲሱን አትግጠሙ። ላቫጆ ላይ ሞተር በግፊት ውሃ አታሳጥቡ። ቦዲ ሲበየድ ባትሪ ይፈታ። በሌላ ባትሪ ስታስነሱ ቀይና ጥቁሩን ገመድ አታምታቱ። እኔ የመስታወቱን ጎማ ካስቀየርኩ በኋላ ሳጥኑን ሶኬቱ ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ አሰርኩት። አሁንም ዝናብ ሲጥል እጄን ከመሳቢያው ስር እሰዳለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው።